ለአጭር አፈሙዝ የሚሆን ባሩድ

አጎቴ ባሩድ የሚመርጠው በጩኸቱ ነበር። ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ከጎንደር በስተሰሜን ባለው የእናቴ አገር፣ በደጋው፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሽማግሌ ሁሉ የሚጋራው እምነት ነው። ሲተኮስ ከአፈሙዙ ክንድ የሚያህል እሳት ከወጣና የማዶው ውሻ ከጮኸ፣ ባሩዱ ሸጋ ነው ይባላል። እኔ በኬሚስትሪ ሁለት ጊዜ እዚሁ አገር ቤት ተመርቄ፣ ሦስተኛውን ማዕረግ ባሕር ማዶ አግኝቼ ስመለስ፣ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነት በስብሰባ ላይ ድምፁ ከሁሉ ለሚጎላ ሰው ሲሰጥ ያየሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ ጩኸት ከጉልበት ጋር ሲምታታ ማየት አዲስ አልሆነብኝም።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ በዚያ ደጋ ተኩስ የሰማ ሰው ሠርግ ወይም ጨዋታ አለ ብሎ ያስብ በነበረበት ጊዜ። በፋሲካ ማግስት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ፣ ሽማግሌዎች በሽጉጥ ዒላማ ይተኩሳሉ። በረጅም ጠመንጃማ ማንም ይመታል ባዮች ናቸው። ዒላማው ከወይራ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ቅል ነው። የተሸነፈ የአሸናፊውን ሽጉጥ ከነቀበቶው ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ መንደሩ እያየው፣ እስከ ደጃፉ ይሸኘዋል። አጎቴ የሚስቱን ወንድም ሽጉጥ ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሸክሟል። ሦስተኛውን እንደማይችለው ሊነግረኝ ከጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ እሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣ።

«ዘንድሮም ከተሸከምሁ ቀበቶው ካንገቴ አይወርድም» አለኝ። «ስትቀብሩኝም እሱኑ አንጠልጥዬ ነው።»

ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ እየሰበሰበ እንደገና የሚሞላው ራሱ ነበር። ሁለት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። በአንደኛው ከረጅም ጠመንጃ ጥይት የተፈታ ሻካራ ባሩድ አለ፤ የሚኮራበት እርሱ ነው። በሌላው ለሽጉጥ የተሠራ ደቃቅ ባሩድ አለ፤ እርሱን የፍየል ሳል ይለዋል። ጉዳዩን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንደማስረዳው አስረዳሁት። የረጅም ጠመንጃ ባሩድ ቀስ ብሎ የሚነድ ነው፤ በረጅም አፈሙዝ ውስጥ ነድዶ ለመጨረስ ጊዜ አለው። በአጭሩ ውስጥ ግን ጥይቱ ቀድሞ ይወጣና የቀረው ባሩድ ውጭ ይነዳል፤ የሽጉጡንም አፍ ያናውጣል።

«የሚያዩት እሳት ያልሠራው ነው፣ አያ» አልሁት። «ሥራውን ትቶ ደጅ የሚጨፍር።»

«እንደ አለቃሽ በይኛ።»

ሳልፈልግ ሣቅሁ። ይህን ያህል ሰምቶኝ የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር።

ደቃቁን መረጥን። ደቃቁ ግን በሻካራው ልክ ቢሞላ ሽጉጡን ከእጁ ጋር ይዞት ይሄዳል። የአጎቴ ስፍር ደግሞ ማንኪያ ነበር። ማንኪያውን ነጥቄ ጎንደር አራዳ ከሚሠራ አንጥረኛ የወርቅ ሚዛን ተዋስሁ። ሽጉጡን ከመንደሩ በታች ባለ ገደል ከግንድ ጋር ጠፍረን፣ እኛ ከድንጋይ ካብ ጀርባ ተጋድመን፣ ምላጩን በረጅም ሲባጎ እየሳብን ሞከርነው። አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌና አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሆዳቸው አፈር ላይ ተለጥፎ፣ ሲባጎውን በሳቡት ቁጥር ጆሯቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። ሽጉጡ በተተኮሰ ቁጥር በአጭሩ አሳለ። ከፊቱ ያቆምነው ሳንቃ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ መዳፍ የሚሸፈኑ ነበሩ። አጎቴ ቀዳዳዎቹን በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰና ድምፁ ግን እንደሚያሳፍር ነገረኝ።

የውድድሩ ዕለት ቀድሞ የተኮሰው የሚስቱ ወንድም ነው። እሳቱ ከአፈሙዙ ተዘረገፈ፤ ዶሮዎች ተበተኑ፤ ሴቶች እልል አሉ። ቅሉ ግን አልተነቃነቀም። አጎቴ ተነሥቶ እጁን ኪሱ ከተተ። ሁለቱንም ዐይነት ጥይት ይዞ እንደ መጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ በመዳፉ ላይ እያገላበጠ አንዴ ሕዝቡን፣ አንዴ እኔን አየ። ዐይኔን ወደ ቅሉ መለስሁ። በዚያች ቅጽበት የትምህርት ክፍሉን ኃላፊነት ቢሰጡኝ አልቀበልም ነበር፤ የምፈልገው ያ ሰው ትንሹን ድምፅ እንዲመርጥ ብቻ ነበር።

ጠሽ አለ። ቅሉ ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ።

እልልታ አልተሰማም። ዳኛው፣ ከሁሉ ያነሰ ጥርስ የቀረው ሽማግሌ፣ ቅሉን የጣለው ነፋስ ነው፣ የተተኮሰ ነገር አልሰማንም ብሎ ፈረደ። የሚስቱ ወንድም በበኩሉ ሰውየው ጉንፋን ይዞታል እንጂ አልተኮሰም አለ፤ ሜዳው በሣቅ ፈረሰ። ሌላ ቅል ሰቀሉ። አጎቴ ያንኑ ዐይነት ጥይት አጎረሰና ያንንም ገመሰው። ሦስተኛውን ራሱ ተቀናቃኙ አጥብቆ ሰቀለ፤ ነፋስ እንዳይነካው ልጆች በነጠላ ከለሉለት። ሲከልሉ ቆይተው ዘወር እንዳሉ ሦስተኛውም ተበተነ።

የሚስቱ ወንድም ቁራጩን አንሥቶ አገላብጦ አየና የመታው ባሩዱ ነው እንጂ እጁ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ባሩዱን ማን መረጠው ሲባል አጎቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ዳኛው አሰበ።

«እንግዲያ ያሸነፈቻችሁ እሷ ናት» አለ። «ሁለታችሁም ተሸከሙላት።»

ሽጉጥ እንደሌለኝ ተናገርሁ።

«ምነው? ያለሽን ስጫቸዋ።»

ያለኝ ያልታረመ የፈተና ወረቀት የሞላው ቦርሳ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዳንድ እጀታ ያዙ፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው እየተጎተተ፣ እየተሰዳደቡ ተከተሉኝ። አጎቴ አንገቱን ደጋግሞ ቀና ያደርግ ነበር፤ ምንም አልተንጠለጠለበትም። ሴቶቹ አሁን እልል አሉ፤ እኔም፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ ሣቄን በነጠላዬ ጫፍ ማፈን አቃተኝ።

ወደ እናቴ ቤት አጭሩ መንገድ በወንዙ ነው። እኔ ግን ሰው በሚበዛበት በገበያው በኩል ዞርሁ።