ሐሙስ ሐሙስ የሚጠረጠረው አባት

ቁልፍ ሠሪው የሰው በር ሲከፍት ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። የቁልፉን ቀዳዳ ዙሪያ በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ የቤቱ ባለቤት ሰካራም ይሁን ችኩል፣ በሌላ ቁልፍ የሞከረም ይኑር አይኑር ይናገራል። ሰውን ግን እንዲያ ዳብሶ ማወቅ አልሆነለትም። ከአገሩ ወጥቶ እዚህ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ጋር ሲያረጅ፣ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት፣ ጡረተኛዋ ቲኬት ቆራጭ፣ ስታየው ምን እንደምታስብ የገባው ገና በዚህ ወር ነው።

ነገሩ የመጣው በቴሌቪዥን ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሚታይ የወንጀል ድራማ አለ፤ ከተማው ሁሉ ያየዋል፣ እሱም ያየዋል። ሰሞኑን ከሌላ አገር የመጣ ቤተሰብ በታሪኩ ገባ። አባትየው ጢማም፣ የማይስቅ፣ ሲናገር ቃል የሚሰብር ነው። እናትየዋ መሬት መሬት ታያለች። ባህላቸው ምን እንደሆነ በውል አይነገርም፤ ሻማ ይበራል፣ የሚያስፈራ ዜማ ይሰማል፣ «ባህላችን ነው» ይባላል፣ ከዚያ ልጃቸው ትጠፋለች።

«አባትየው ነው የገደላት» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ድራማው ገና ሳይጋመስ።

«በምን አወቅህ?» አለች ሚስቱ።

«ፊቱን አታዪውም እንዴ?»

«ፊቱማ ያንተው ነው።»

ተሳሳቁ። እሱ ግን ሳቁን ሳይጨርስ አቆመ። ሰው በገዛ መልኩ ላይ መፍረድን ከማን ይማራል?

የእነሱም ልጅ ከቤት ከወጣች አምስተኛ ሳምንቷ ነበር። ባሏ መርከብ ላይ ስለሚሠራ የምትኖረው እነሱ ዘንድ ነው። እርግዝናዋ ስድስት ወር ሲሞላ ሐኪሞች ሆስፒታል አስተኟት፤ እንዳትነሣ፣ እንዳትደነግጥ አሉ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። በሁለተኛው ጊዜ ሕንፃው ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ነበር፤ ከዚያ በየደረጃው ለጠየቀ ሁሉ «ቀረ» እያሉ መመለስ ለቁልፍ ሠሪው ሚስት ከለቅሶው የባሰ ሆነባት። ስለዚህ ዘንድሮ ቆረጠች።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ልጁ ተወልዶ እስኪያለቅስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!»

አልተነፈሰም። ውሸት ግን አያውቅበትም። ጎረቤቲቱ ደረጃ ላይ «ልጅዎ የት ሄደች?» ስትለው «አክስቷ ጋ» አለ። በሳምንቱ «ተኝታለች» አለ። ሌላ ቀን ሚስቱ «ሥራ ላይ ናት» ስትል፣ እሱ ከኋላዋ በዚያው ቅጽበት «አሟታል» አለ። ያን ቀን ሊጠግነው ያመጣውን ትልቅ የብረት መቀርቀሪያ በብብቱ ይዞ ነበር። ጎረቤቲቱ መቀርቀሪያውን አየች፤ እሱም ስታይ አያት።

«ይህች ሴትዮ እየሰለለችን ነው» አለ ቤት ሲገቡ። «በሯን ገርበብ አድርጋ ነው የምትውለው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች ሚስቱ። ምስኪን፣ ተረቱን ጎረቤቲቱም በራሷ ቋንቋ ልታውቀው እንደምትችል አላሰበችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ፖሊሶች አንኳኩ። ጎረቤቲቱ ከኋላቸው ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች።

«ልጅዎን ማየት እንፈልጋለን» አለ ጎልማሳው ፖሊስ።

የሚስቱ ዓይን «እንዳትናገር» ይላል። እሱ ግን መላ አጣ። «ሆስፒታል ናት፤ እርጉዝ ናት» አለ። ድምፁ ልክ እንደ ድራማው አባት ተሰበረበት።

ፖሊሱ ዓይኑን በሩ ሥር ከተቀመጠው መቀርቀሪያ ላይ አላነሣም። «እንግዲያው ይደውሉላት። በምስል።»

ፖሊስ ብታይ ትደነግጣለች። እምቢ ቢል ደግሞ ደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ አልጋዋ ድረስ ይሄዳሉ። ደወለ።

«አባዬ! ምነው በደህና?» አለች ልጁ በአገራቸው ቋንቋ። «ከኋላህ ያሉት እነማን ናቸው?»

ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋው። «ደንበኞች ናቸው፣ ልጄ። በር ተቆልፎባቸው ነው። ቁርስ በልተሻል?»

«አንተ ደግሞ ቤቱንም ሱቅ አደረግከው? እማዬ ታባርርሃለች!» ሳቀች። ስትስቅ ስልኳ ዝቅ አለና ብርድ ልብሱን ወጥሮ የያዘው ሆዷ ከኋላው ለቆሙትም ታየ።

ዘጋው።

«ምን አሏት?» አለ ፖሊሱ።

«ቁልፍ የጠፋባቸው ደንበኞች ናቸው አልኳት። እንዳትደነግጥ።»

ፖሊሱ ትክ ብሎ አየው። የማያውቁት ቋንቋ ሲተረጎምላቸው ማመን አለማመን የባለ ጆሮው ፈንታ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ «ይማራት» አለ፤ የሆስፒታሉን ስም ግን ጽፎ ነው የሄደው።

ጎረቤቲቱ ፊቷ ቀልቶ እዚያው ቆመች። «እንኳን...» ስትል ሚስቱ አፏን በመዳፏ ልትከድንባት ምንም አልቀራት። «ገና ነው! እንዳይሉት!»

«ለማንም አልናገርም» አለች ጎረቤቲቱ። «ግን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።»

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?» አላት ቁልፍ ሠሪው።

«አዎ» አለች፤ ዓይኗ ግን በትከሻው ላይ አልፎ አሁንም የልጅቷን ክፍል ይፈልግ ነበር።