ከእማ እጅ ብቻ

ሚስራ በጎረቤቷ በገበያነሽ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቁጢጥ ብላ ታዳምጣለች። ከአጥሩ ወዲያ የራሷ ግቢ ነው፤ ልጇ ሀዲጃ ታላቅ ወንድሟን ሙሀመድአሚንን ልታጎርስ ትታገላለች።

አሚን ጢሙ ሸበት ብሏል፤ አእምሮው ግን ከልጅነት አላለፈም። ሚስራ ሰው እንዳይስቅበት ብላ ከቤተሰቡ ትሪ ለይታ፣ «ቢስሚላህ» እያለች በእጇ አጉርሳ አሳደገችው። ራሱ እንዲበላ አላስለመደችውም፤ ሌላ ሰውም አላስጠጋችበትም።

አሁን ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቷል። ሐኪሙ፣ «ዛሬ ነገ ሳትዪ ደሴ ተኝተሽ ታከሚ፤ አለዚያ አትተርፊም» ብሏታል። ሀዲጃም ወንድሟን ልትጠብቅ ከሰንበቴ ከተማ ቤቷን ጥላ መጣች። ሚስራ ትናንት ማለዳ፣ «ካላየኝ ይለምዳታል» ብላ እዚህ ተደበቀች። አሚን ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ሚኒባሱ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ደሴ ሊወስዳት ነው።

«አሚንዬ፣ አንዲት ጉርሻ! የምትወደው የማሽላ እንጀራ እኮ ነው!»

«ኮቱ፣ እማ!» ይላል እሱ። በኦሮምኛ ነይ ማለቱ ነው፤ ሲከፋው የሚወጣው ቃል ይኸው ነው።

«በስተርጅና ሙሽራ ሆነሽ ተሸሸግሽ» አለች ገበያነሽ፣ ልታስቃት። ከዚያ የሚስራን ሻሽ ከራሷ ላይ ፈታ በአጥሩ ላይ ወረወረችው። «ሀዲጃ፣ እሱን እሰሪ! የእናቱን ጠረን ያግኝ።»

ሀዲጃ ሻሹን አስራ፣ «ቢስሚላህ» አለች። የአሚን ጥሪ ተቋረጠ። ሚስራ አፉን የከፈተ መሰላት፤ ጆሮዋን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋች።

ወዲያው ትሪው ሲገለበጥ ተሰማ። «የእማ ነው! ሻሹን አምጪ፣ የእማ ነው!»

«እማ፣ አልቻልኩም!» ብላ ሀዲጃ አለቀሰች።

ሚስራንም ሳታስበው ሲቃ አመለጣት። የአሚን እግር ወደ አጥሩ ሮጠ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ጣቶቹ ብቅ አሉ።

«ኮቱ።»

ከበሩ በኩል የሚኒባሱ ጥሩምባ ጮኸ።

«እትዬ ሚስራ፣ መኪናው» አለች ገበያነሽ። ቀልዷ ጠፍቷል።

«ይሂድ በያቸው።»

«እትዬ፣ ትሞቻለሽ እኮ!»

«እሱስ ሳይበላ ሊሞትብኝ አይደል? ሀዲጃ፣ ንጹሑን ለይተሽ አቀብዪኝ።»

እንጀራው በቀዳዳው መጣላት። ጠቀለለችና በዚያው ቀዳዳ መልሳ ዘረጋች። «ቢስሚላህ።» የአሚን ከንፈር ጣቶቿን ነካ፤ ዋጠ። በሌላው እጇ ጡቷን ደግፋለች።

ጥሩምባው በደሴ መንገድ እየራቀ ሄደ። አሚን አፉን እንደገና ከፈተ።