የቀኝ እጄ ሽቶ

ዛሬ ምሳዬን በማንኪያ በላሁ። ሽሮ በማንኪያ! ቀኝ እጄን ላለመታጠብ ነው።

ጠዋት እዚህ ድሬዳዋ፣ ከፊራ ወደሚባለው ገበያ ሽቶ ልገዛ ሄድኩ። ቅዳሜ የልጃችን ሰርግ ነው፤ ባለቤቴ «ለአንድ ቀን እንኳ ናፍታ ናፍታ አትሽተት» ብላኛለች። ጋራዡን ከተውኩ ስንት ዓመቴ! እሷ ግን አሁንም ይሸተኛል ትላለች።

የዘይት ሽቶ የምትሸጠው ዘይነባ ራሷ የቀመመችውን በቀኝ እጄ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገች።

«ፍየል ፍየል ይሸታል» አልኳት።

«አቦ አትቸኩል፣ አባባ! መጀመሪያ ከቆዳህ ጋር ይተዋወቅ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ ተመለስ።» (ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ።)

እኔ ልገዛ እንጂ ልዞር አልመጣሁም። ከጠርሙሱ አፍ አሽትቼ ጣፋጭ የመሰለኝን ሌላ ሽቶ ገዛሁ፤ ግራ እጄን ተቀብቼ ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴን ግራ እጄ አስነጠሳት። ቀኙን ግን ደጋግማ አሸተተችው። «ይሄ አንተን አንተን ይሸታል» አለችና እጄን ሳትለቀው ቆየች። በስንት ዘመኗ!

ወዲያው በባጃጅ ተመለስኩ።

«ያንንማ ሌላ ሰው ገዝቶ ወሰደው» አለች ዘይነባ። «ከተራረፈ ዘይት የቀመምኩት ነበር፤ ልድገመው ብል አይመጣልኝም።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። በዚህ ሙቀት ሽታው እስከ ቅዳሜ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልታጠብም።

እናንተስ፣ ለእናንተ የተሠራ ነገር እጃችሁ ላይ እያለ ንቃችሁት የሄዳችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ። በግራ እጄም ቢሆን ስልኬን እየነካካሁ እመልሳለሁ።