ዝናብ ሰፋሪው ጓዴ

ጓዴ ባንተአምላክ ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ የገበሬ ማሠልጠኛው ዘበኛ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የሜትሮሎጂ ሰዎች መጥተው በግቢው መሐል አፉ ሰፊ የሆነ ረጅም ቆርቆሮ ተከሉና የዝናብ መለኪያ መሆኑን ነገሩት። ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ወዳለው ብርጭቆ ይገለብጣል፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ በየዐሥር ቀኑ ሞጣ ላለው ጣቢያ በስልክ ይናገራል።

የሀገሬው ሰው ግን ነገሩን አልወደደውም። መሬት ሲለካ ግብር እንደሚከተል ያውቃል። "አሁን ደግሞ ዝናቡን ሰፍረው ሊያስገብሩን ነው" ተባለ። ጓዴንም "ዝናብ ሰፋሪው" አሉት። ግብሩ ሳይመጣ ዓመታት ሲያልፉ ወሬው ረገበ፤ ስሙ ግን ተጣብቆበት ቀረ።

በ2007 ክረምት፣ ገና ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቀጥ አለ። በቆሎው ቅጠሉን ጠቀለለ፤ መረሬው መሬት እግር እስኪያስገባ ተሰነጠቀ። ጓዴ ዕለት ዕለት ዜሮ ይጽፋል። አንድ ቀን ሽመክት መጣ። ሽመክት ብርቱ ገበሬ ነው፤ የሰማውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ሳያገላብጥ የማያምን ሰው። አጥሩን ተደግፎ ቆርቆሮውን ሲያይ ቆየና፣

"ጓዴ፣ ይኸ ነገር ሳይተከል እንዲህ ያለ ክረምት አይተሃል?" አለው።

"በሰባ ሰባትስ?"

"ሰባ ሰባትን ተወው። አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የሚውል ነገር ለደግ አይሆንም። ንቀልልን።"

"የመንግሥት አደራ ነው፤ እንዴት እነቅላለሁ?"

"አደራው ለእነሱ ነው። ለእኛስ ማን አለን?" ብሎ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ምህላ ተያዘ። በማግስቱ ጠዋት ጓዴ ከቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ማጠራቀሚያ ሲያነሣ ከበደው። ወደ ብርጭቆው ቢገለብጠው ዐሥራ አራት ሚሊሜትር ሆነ። ዞሮ ግቢውን አየ፤ አቧራ ነው። ሌሊቱን አንዲት ጠብታ አልሰማም። ሲያሠለጥኑት ግን "ያየኸውን ጻፍ እንጂ የመሰለህን አትጻፍ" ብለውታልና ዐሥራ አራት ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ዐሥራ አንድ፣ በሦስተኛው ቀን ዐሥራ ስድስት፣ በአራተኛው ዐሥራ ሁለት፤ እንዲህ እያለ ቀጠለ። ብርጭቆው ሥር እንደ አመድ ያለ ደቃቅ ነገር ዘቅጦ አየ።

እንግዲህ ሰውን ሁሉ ይጠረጥር ጀመር። መጀመሪያ ሽመክትን፦ ከሥራዬ ሊያስነሣኝ ነው አለ። ቀጥሎ የገዛ ሚስቱን ፍሬን። "ይኸ ሥራ ጠላት አበዛብህ፣ ተወው" ስትለው ከርማለች። ፍሬ ጠዋት እንስራ ይዛ ስትወጣ ውሃውን የት እንደምታደርሰው በዓይኑ ሲከተላት፣ ራሱን ታዘበ።

የዐሥሩን ቀን ቁጥር በስልክ ሲናገር፣ የሞጣዋ ባለሙያ ትርሲት አንድ በአንድ አስደገመችው። ከሸዋ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት።

"ጋሼ ጓዴ፣ ደብረ ወርቅ ደረቅ ነው፣ ሞጣም ደረቅ ነው። ለእርስዎ ብቻ ነው የዘነበው?"

"ያየሁትን ነው የጻፍሁት።"

"ቤትዎ ተቀምጠው መዝገቡን እየሞሉት እንዳይሆን?"

ይህን ሰምቶ ስልኩን ዘጋ። የባሰው ግን ከሳምንት በኋላ መጣ። ቀበሌው ቶሎ የሚደርስ የሽንብራ ዘር እንዲሰጠው አመልክቶ ነበር። "እናንተ ዘንድ ዝናብ መዝነቡን መዝገብ ያሳያል" የሚል መልስ ከወረዳ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽመክት በሰው ፊት ገጠመው።

"ዘንቧል ብለህ የጻፍህ አንተ ነህ?"

"መለኪያው ነው ያለው።"

"በማን ማሳ ላይ ነው የዘነበው? አሳየን!"

ጓዴ ጋቢውን አጣፍቶ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ጠፋ።

ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ተደብቆ ቆመ። ብዙም አልቆየ፣ በተሰበረው አጥር በኩል አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ሽመክት አልነበረም። እማሆይ አምሳለች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት የሆኑ፣ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ መነኩሴ። ከነጠላቸው ሥር ቅል አወጡና በቆርቆሮው አፍ ቀስ አድርገው አንቆረቆሩ። "ጠጣ፣ ጥገብ" ይሉታል።

"እማሆይ! ምን እያደረጉ ነው?"

አልደነገጡም። "ጠምቶት እኮ ነው፣ ጓዴ። የሰማዩን ውሃ ቀድሞ የሚጠጣው እሱ ነው አሉ። እሱ ከጠገበ ለልጆቻችን ይተርፋል ብዬ፣ ጸበሉን ከእምነቱ ጋር እያመጣሁ ነው።"

አመዱ የምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የተሰነጠቀ ተረከዛቸውን ሲያይ ተወው። ጸበሉ ከሚቀዳበት ምንጭ እስከዚህ ድረስ ዳገት ነው።

"ከእንግዲህ አያምጡለት፣ ጠግቧል" አላቸው። አጥሩን እስኪሻገሩም እጃቸውን ይዞ ደገፋቸው።

በማግስቱ መዝገቡን ይዞ ሞጣ ወረደ። ትርሲት እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ባለፈው 'ያየሁትን ነው' አሉኝ። ዛሬ የዘር ነገር ሲነሣ ሐሰት ነው ይሉኛል። የትኛውን ልመን?"

"ውሃውን አይቻለሁ፤ ዝናብ ግን አልነበረም። ሰው ነው የጨመረው።"

"ማን?"

"በደንብ ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ። እንዲያ ብለው ይጻፉ።"

"ቦታው ድረስ ሄጄ ሳላይ አልሰርዝም" አለች።

ሐሙስ መጣች። ዶማ አስመጥታ ከሦስት ማሳ ላይ እስከ ክንድ ድረስ አስቆፈረች። አፈሩን በመዳፏ ስታሸው እንደ ዱቄት በነነ። ውሃ የተጨመረባቸውን ቀኖች ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘች፤ ለቆርቆሮውም በቁልፍ የሚዘጋ አጥር አዘዘች። በጓዴ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ጻፈችበት።

የሽንብራው ዘር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ለሁሉም አልበቃም። ቀድሞ ጥቂት ቀን ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ተቀበለው። ሽመክት ድርሻውን ሲወስድ፣ "ፊት ዋሽቶ ኋላ ፈርቶ ነው" እያለ አወራ። ጓዴም ሰማ፤ የእማሆይን ስም ግን አላነሣም።

እማሆይ በ2009 ዐረፉ። ከቀብር ሲመለሱ ሽመክትና ጓዴ አንድ መንገድ ገጠማቸው። ጓዴ ነገሩን እንደሆነው አወጣው። ሽመክት ቆም ብሎ አየው።

"ለሞተ ሰው ማላከክ ይቀልሃል" አለ።

በሚቀጥለው ሰኔ አንድ ጠዋት፣ ጓዴ የአጥሩን ቁልፍ ሲከፍት ሽመክት ከኋላው ቆሞ አገኘው።

"እስቲ ሲለካ ልየው" አለ ሽመክት።

በማግስቱም መጣ፣ በሳልስቱም። ቁጥር የለየው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። በአራተኛው ቀን ጓዴ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ "ስድስት" አለ።

ሽመክት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ። "አምስት ተኩል ነው" አለ።