የመጨረሻ ስምህ ማን ነው?

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ አባቴ የሽንኩርት ማዳበሪያ ላይ አስቀምጦ ሰባት ቤት አስቆጠረኝ። ስንቅ አላስያዘኝም፣ አልመረቀኝም፤ አስቆጠረኝ። የአይሱዙው ሹፌር ጥሩምባውን እየነፋ "ና እንጂ አንተ!" ይላል። አባቴ ክንዴን ይዞ "በል፣ ከኔ ጀምር" አለኝ። አንዱን ስስት ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እሱም አልቆጠረም። "ወረቀት ይጠፋል" አለኝ። "ሰው አገር ወድቀህ የማን ልጅ ነህ ሲሉህ፣ ይህን ትላለህ።"

እስከ ዛሬ አንድም ሰው የማን ልጅ ነህ ብሎኝ አያውቅም። የሚጠይቁት ሌላ ነው።

በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ ገባሁ። መንገዱን አልተርክም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት አያምነኝም። የአሜሪካ ኢንተርቪው ደርሶኝ ስቀርብ ፈረንጇ "ላስት ኔም?" አለች። አስተርጓሚው፣ ክራቫት ያሰረ የኛው ሰው፣ ቀና ሳይል "የመጨረሻ ስምህ ማን ነው?" አለኝ።

"የመጨረሻው?"

"አዎ፣ የመጨረሻው! ቶሎ በል፣ ሰው ቆሟል።"

እኔ ምን ላድርግ። በጣቴ ቆጥሬ ሰባተኛው ላይ ስደርስ "ጫንያለው" አልኩ።

በዚያው ቀረ። አባቴ ወርቁ ነው፤ ወርቁ ግን የትኛውም ወረቀቴ ላይ የለም። ልጄ እዚህ አሜሪካ ተወለደችና ሳራ ጫንያለው ተባለች፣ ማንም አይቶት በማያውቅ ሽማግሌ ስም ተጠራች። ፈረንጆቹ ደግሞ ጫንያለው ማለት ሲያቅታቸው ቆርጠው ቻን አሉት። ሲያትል አጠገብ ፌደራል ዌይ በሚባል ከተማ ቤት የሚያከራየኝ ሰውዬ ለቻይና አዲስ ዓመት ቀይ ፖስታ በሬ ላይ ለጥፎልኝ ያውቃል። "እኔ እኮ ሐበሻ ነኝ" ስለው "ኖ ፕሮብሌም፣ ለሁሉም ነው" አለኝ። ኪራዩን ግን ለሁሉም አልቀነሰም።

ሲያትል ዝናቡ እንኳ ዝናብ አይደለም። የኛ አገሩ ይወርድና ያባራል፤ ይኼኛው እንደ ምቀኛ ጎረቤት ሳይገባ ሳይወጣ በር ላይ ቆሞ ይውላል። ሽንኩርቱንም ኦቴሎ ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ ገዝቼ ስከትፈው ዓይኔ አያለቅስም። በዚህ አገር የሚያስለቅሰው ሰው ነው። ፊደል የቆጠርኩትም እዚሁ ነው፤ ጢሜ ሸብቶ፣ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ከሕፃናት ጋር ሀ ሁ እያልኩ። እንግሊዝኛውን ከሥራ በኋላ ተማርኩ። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፣ ማለት አቅም ያጡ ሽማግሌዎችን ማጠብ፣ ማብላት፣ መጠበቅ።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ከተማ ወደሚኖሩ፣ ሚስተር ዶላን ወደሚባሉ ሽማግሌ ላኩኝ። በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ቻን የሚባል ሰው ይመጣል ብለውኝ ነበር።"

"እኔ ነኝ።"

"አትመስልም።"

"ለኔም አይመስለኝም" አልኳቸው። ሳቁ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ አልኳቸው። ደስ ስላሉኝ አይደለም፣ ስላረጁ ነው።

ሰውዬው ዓይናቸው ደክሟል፤ ሚስት ሞታለች፣ ልጅ የለም። የቀራቸው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፦ የአያታቸው አባት ከአየርላንድ ሲመጣ ከየትኛው መንደር እንደተነሳ ማወቅ። ሲሞቱ አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ እዚያ መንደር እንዲቀበር ይፈልጋሉ። ለኛ ሰው ይኼ መስማቱም ይዘገንናል። "ማቃጠሉስ ይቅርብዎ" ብላቸው፣ "አንተ መንደሩን አግኝልኝ እንጂ፣ ከፈለግህ እንደ ድንች ቅበረኝ" አሉኝ።

ሶ፣ እሳቸውን አጥቤ አብልቼ ስጨርስ ኮምፒውተር ላይ ያለ የድሮ መዝገብ አነብላቸዋለሁ። ፊደል በፊደል። ዶላን፣ ዱላን፣ ዶውሊን። የአያታቸው አባት ስም ማይክል ዶላን ነው፤ ማይክል ዶላን ደግሞ መዝገቡ ላይ እንደ አሸዋ ነው። የትውልድ ቦታ፦ አየርላንድ። የሚቀጥለው፦ አየርላንድ። "አገሩንማ አውቀዋለሁ! መንደሩን በል!" ብለው ይጮኹብኛል፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል። ክረምቱ እንዲሁ አለቀ። በመጨረሻ አየርላንድ ያለ መዝገብ ቤት ኮል አደረግንና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስጮህነው።

"የየትኛው ሰበካ ሰው ነው?" አለች የመዝገብ ቤቱ ሴትዮ።

"እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ" አሉ ሚስተር ዶላን።

"ሰበካው ካልታወቀ መፈለግ አንችልም፣ ሰር።"

"ሰበካውን ካወቅኩ ለምን እደውላለሁ?"

"ይቅርታ። ደግሞም ብዙው መዝገብ በጦርነት ተቃጥሏል።"

ሳቄ አመለጠኝ። ቀበሌ! ባሕር ተሻግሮም ያው ቀበሌ ነው፤ መታወቂያ ለማውጣት መታወቂያ አምጣ።

"ምን ያስቅሃል?" አሉኝ። የናይሮቢውን ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። "የኔም ሰውዬ ወደብ ላይ ሲጠይቁት ሌላ ነገር ብሎ ይሆናል" አሉ። "ምናልባት ዶላን የሚባል ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረም።" አፌን በቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን ክፈት አላሉኝም።

ይልቅ አንድ ከሰዓት፣ ጥፍራቸውን ስቆርጥላቸው፣ "እስቲ ያንተን ቁጠርልኝ" አሉኝ። ጀመርኩ። ወርቁ፣ ደስታ፣ ይመር... አራተኛው የለም። አበጋዝ አለ፣ ውቤ አለ፣ ጫንያለው መጨረሻው ላይ ቆሟል። መሀሉ ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እዚያው ቦታ ስደርስ ገደል።

"ጠፋኝ" አልኳቸው።

"እንኳን ደህና መጣህ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የእህታቸው ልጅ ከካሊፎርኒያ መጥታ አመዱን በካርቶን ተረከበች። የት ትወስጃቸዋለሽ አልኳት።

"እዚሁ ባሕሩ ላይ እበትናቸዋለሁ። ውኃ ሁሉ ይገናኝ የለ?" አለች፣ የመኪናዋን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ እየፈለገች።

ምን አገባኝ። እኔ ቻን ነኝ። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ መሀል ተገትሬ ግን ስቆጥር ነበር፣ ያው ገደል ጋ ስደርስ ስመለስ።

በማግስቱ ጠዋት አገር ቤት ደወልኩ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ያነሳችው ታላቅ እህቴ እትዬ ሙሉ ናት።

"እትዬ፣ ሰባት ቤታችንን ታውቂዋለሽ?"

"ውይ! ልጅቷን ልትድር ነው?"

"ኧረ አይደለም። አራተኛው ጠፋብኝ።"

"የምትቆጥሩት እናንተ ወንዶቹ፤ እኔን ማን አስቆጠረኝና? እስቲ በል፣ ልስማህ።"

"ወርቁ፣ ደስታ፣ ይመር..."

"ቆይ፣ ቆይ። ይመርን ምን አመጣቸው? ይመር የእማዬ አያት አይደሉም እንዴ?"

ተቀመጥኩ። ሳራ ከሶፋው ላይ "ዳድ፣ ሁ ኢዝ ዛት?" አለችኝ። በእጄ ዝም በይ አልኳት።

"ጫንያለውስ፣ እትዬ? ጫንያለው የማን ነው?"

ከበስተኋላዋ የአይሱዙ ጥሩምባ ይሰማል፤ ሽንኩርት እየጫኑ ይሆናል።

"እሱንስ እንጃ፣ ወንድሜ" አለችኝ። "እንዲህ የሚባል ሰው ሰምቼም አላውቅ። ማን ነው የጠየቀህ?"