አባቴ ባትሪ የገባለት ሰሞን

አባቴ ደረቱ ውስጥ ልቡን የሚያግዝ ባትሪ አስገብቶ ከአዲስ አበባ ወደ መርሳ ሲመለስ፣ ጠያቂው ሁሉ «እግዜር ይማርህ» ካለ በኋላ አንገቱን አስግጎ «እስቲ አሳየን» ይል ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጨዋታና ማሳየት አይሰለቸውም። ሸሚዙን ከፈት አድርጎ ከግራ ትከሻው በታች ያበጠችውን ቦታ ያስነካል። የእኔ ጥያቄ ደግሞ አያልቅም። ባትሪው ሲያልቅ ማን ይቀይረዋል? ሲተኛስ ይሠራል? ሞባይል መርሳ የገባበት ጊዜ ነበርና «በዚያ በኩል ባለው ኪስህ ሞባይል አትያዝ» መባሉ ይበልጥ ገረመኝ። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ይረፍበት!» እያለች ትቆጣኛለች።

ነገሩ የጀመረው ውርጌሳ ላይ ነው። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ዓይኑ ጨለመና ወደቀ። ወልድያ ያየችው ሐኪም ልቡ ከሚገባው በላይ ዘግይቶ እንደሚመታ ነግራው ወደ አዲስ አበባ ላከችው። ደም ብዛቱማ የቆየ ነው፤ ለእሱ ክኒን ይውጥ ነበር።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የማልረሳው የአባቴን አብሮ አደግ፣ ጋሼ የምንላቸውን መካኒክ ነው። ጋሼ ሞተር ሲታመም የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ያንን ካቻቢቴ ይዘው መጡላችሁ! ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው አባቴ ደረት ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሼ፣ ምን ሰሙ?» አልኩ መታገሥ አቅቶኝ።

«ዝም በይ!» አሉኝ። ቆይተው ቀና አሉ። «አዲስ ሞተር ነው። አንተ፣ ከእንግዲህ ክኒን ምን ያደርግልሃል? ባትሪው ሁሉን ይዞልህ የለም እንዴ?»

አባቴ ይህን ቃል ሲጠብቅ ኖሯል፤ በማግስቱ ክኒኑን እርግፍ አድርጎ ተወ። ስንት ዘመን መኪናውን ያመነው በጋሼ ጆሮ ነዋ። እማዬ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ለመነች፣ አለቀሰች። እሱ እቴ! ራሱን ወጥሮ ሲይዘው «የመርሳ ሙቀት ነው» ይላል። አንድ ቀን ነስሩ አልቆም አለ። ያኔ አባቴን ላጣው ነው ብዬ ከልቤ ፈራሁ። ወልድያ ይዘነው ስንሄድ ጋሼም ሐኪሟን ሊሞግቱ ተከተሉን።

ሐኪሟ የደም ግፊቱን ለክታ ደነገጠች። መሣሪያው ልብ ሲዘገይ ምቱን ያስተካክላል እንጂ ደሙ የደም ሥሩን የሚገፋበትን ኃይል አይቀንስም፣ ያ የክኒኑ ሥራ ነው አለችን። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እስከዚያ ማንም አልነገረኝም፤ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ጋሼ ግን «በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ እኮ! እንከን የለውም» አሉ።

«እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ፣ አለካኩን ልታሳያቸው። ጋሼ እየሳቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለካች። ፈገግታዋ ጠፋ። ሌላውን ክንድ ለካች።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም! እኔማ ድንጋይ ነኝ።»

«የእርስዎ ከእሳቸው ይብሳል። ደም ብዛት ብዙ ጊዜ አያምም፣ ድምፅም የለውም።»

ጋሼ እጅጌያቸውን ሳያወርዱ ቆዩ። «ድምፅ ከሌለው ታዲያ እኔ በምን ልወቀው?» አሉ። እንዲያ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱም የየራሳቸውን ክኒን ይዘው ተቀመጡ። ሲሪንቃን ስናልፍ እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይውጠው ይሆን?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ ክኒናቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ብቻዬን መዋጥ ፈራሁ» አሉ።

 አባቴ ከተቀመጠበት መደብ ላይ ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ውሃ አምጪ» አለኝ። «ሁለት ብርጭቆ።»