ግጥም እጅ መንሻ ይዘው የሄዱት የኔታ ክንፉ

የኔታ ክንፉ ማረፋቸውን የሰማነው በዘመሮ ገበያ ነው። ከዓለም ከተማ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ ጭነቱን ሳያራግፍ «ያ የቅኔ መምህራችሁ፣ ያ ጨዋታ አዋቂው፣ ቆላውን ሲሻገሩ ንዳድ ይዟቸው ኖሮ ባለፈው እሑድ ቀበርናቸው» አለን። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ መሬት ስቀመጥ፣ ልጄ ተክሌ እንደ ቆመ «አስተማሪነቱንስ አግኝተው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ቆይተው ይመለሱ ተብለው ነበር። ቦታው እስካሁን ሰው የለበትም» አለው ነጋዴው። 

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የተዳርሁ ሴት ነኝና ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ፤ እሳቸውም አይፈርዱም ነበር።

የኔታ ጎረቤታችን ነበሩ። ቅኔ የሚያስተምሯቸው ልጆች አንድ በአንድ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሄዱባቸው «እንግዲህ እረኛው መንጋውን ይከተል» ብለው፣ የአማርኛ አስተማሪነት ሊጠይቁ በትምህርት ሹሙ ግቢ ደጅ መጥናት ጀመሩ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣው ተክሌም አብሯቸው ይውል ነበር። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ባናቸውን ደርበው፣ የግቢውን ግንብ ተደግፈው መጽሐፍ ያነባሉ፤ ደጅ ጠኚው ሁሉ ይከባቸዋል። «ቃል እንደ በግ ጠጉር ነው፤ ካልፈተሉት አያሞቅም» ይሉ ነበር። የተከዘ ሰው ሲያዩ ደግሞ «ሣቅ እንጂ ወንድሜ! የደጅ ጠኚ ቆሎ ያልቃል፣ ሣቅ አያልቅም» ይሉታል።

ሹም ዘንድ ባዶ እጅ መግባት ነውር ነውና፣ እጅ መንሻ እንዲይዙ ሰዎች መከሯቸው። እሳቸው ሹሙን የሚያወድስ ግጥም ጽፈው ሄዱ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«የኔታ፣ በጉ የታለ?»

«ይኸውልህ» ብለው ወረቀቱን ዘረጉለት።

«ይህ ይታረዳል?»

«ማንበብ ለሚያውቅ ይታረዳል። ቆዳውም ይተርፋል።»

ደጅ ጠኚው በሣቅ ፈረሰ። ዘበኛውም ሣቀ፤ በሩን ግን አልከፈተም።

ተክሌ ይህን ቢነግረኝ ጠቦቴን ጎትቼ ወሰድሁላቸው።

«የኔታ፣ ግዴለም ይንዱት።»

«አንቺ ሙላቷ! በጉ ካስገባኝማ በጉ ያስተምር፤ እኔ ምን እሠራለሁ?» ብለው አሣቁኝ። ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «ይልቅ ለልጅሽ እረጂለት። ፍርሃት ብቻ እያበላሽው ከስቷል» አሉኝ።

አኮረፍኋቸው። የተክሌ አባት ለንግድ ቆላ ወርዶ እንደ ወጣ መቅረቱን እያወቁ እንዲህ ማለታቸው ከነከነኝ።

ኋላ ዓለም ከተማ አስተማሪ ይፈለጋል የሚል ወሬ ሲመጣ ተክሌ አብሬዎ ልሂድ አላቸው። እኔ ደጃፉ ላይ ተጋድሜ አስቀረሁት። የኔታም ከመሬት አንሥተውኝ «ተይ፣ እኔ ልቅደም። መንገዱ ደኅና እንደሆነ እልክብሻለሁ» ብለው ብቻቸውን ወረዱ። የላኩብኝ መርዷቸውን ነው።

የኔታ ሆይ፣ ቦታው ባዶ ነው ከተባለ ወዲህ ተክሌን የሚያስቆመው ነገር የለም። እርስዎ የሌለዎት የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀት እሱ አለው። ብይዘው እያየሁት ቤቴ ውስጥ ይጠወልግብኛል፤ ብለቀው እርስዎን የበላ ቆላ አለ። በዚህ ጊዜ ሮጬ የምጠይቀው ሰው እርስዎ ነበሩ። ሰኞ ይነሣል። ጉልበቴን ስሞ «እማ፣ መርቂኝ» ሲለኝ መረቅሁት።

ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ልጄ ከዚያ ሲደርስ መጀመሪያ መቃብርዎን ሊሳለም ይመጣል። ይመርቁትና ወደ ሥራው ይሸኙት፤ አደራዎን የኔታ፣ ወደ እርስዎ አይጥሩብኝ።